ሮቶው ይጥገብ!

ሰሞኑን ስለ ስማርት የውሃ ቆጣሪ አነበብኩ። የፈሰሰውን በየሰዓቱ ይመዘግባል። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ውሃው መፍሰሱን ካላቆመ «እዚህ ቤት የሚያፈስ አለ» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ያሳብቃል። አቦ፣ እኛ ሐረሮችን በዚህ ማን ያስደንቀናል? ለማሳበቅ ጎረቤት አለን።

ውሃ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ እንበል። ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ያፏጫል። የድሮው ቆጣሪያችን በአየሩ ብቻ ይሽከረከራል። (አየሩንም እንከፍላለን፤ ለጋሶች ነን።) ሰፈሩ ይነቃል፣ ጀሪካን ይንኳኳል። ዲናሞ ያለው ይሰካና የመስመሩን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። የጎረቤት ቧንቧ እንደገና ማሳል ይጀምራል። ባለሙያዎች «ያልተማከለ አቅርቦት» (ውሃን ከአንድ ማዕከል ሳይሆን በየቦታው ማቅረብ) እያሉ የሚደክሙበት ነገር እኛ ጋ እያንዳንዱ ግቢ ውስጥ አለ፤ ሥራ አስኪያጁም አባወራው ነው።

ቁንጮው ግን ሮቶ ነው። 2000 ሊትሩ ጢም አለ። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ መግጠም የፈሪ ሥራ ስለሆነ ጀግናው ባለሮቶ ተመልሶ ተኝቷል። ውሃው ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መስመር እየሳለ ወርዶ የጀጎልን ጠባብ መንገድ ያጥባል። ባለፈው ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርኩና በሩን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ ሮቶዎ እየፈሰሰ ነው።»

«ተወው ልጄ፣ ይጥገብ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ጦሙን ነበር።»

ምን ይባላል? እንግዳው ውሃም ቢሆን ደክሞት ነው የመጣው። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀብን ወዲህ ውሃችን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ነው ዳገቱን የሚወጣው። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ያን ሁሉ ሽቅብ የወጣ ውሃ ትንሽ ቁልቁል ቢዝናና ነውር ነው? 1 ሜትር ኩብ ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው የሚል ቆጥቋጣ አይጠፋም። እኔ ግን ከሰው ጨዋታ ጋር ሒሳብ አልቀላቅልም።

ከግድግዳው ሥር አንዲት እናት የሚንጠባጠበውን በጆግ እየቀዱ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይሞላሉ። ሮቶ የላቸውም። ስማርት ስለሚባለው ቆጣሪ፣ የሚያፈስ ቤት ስለሚያጋልጠው፣ ነገርኳቸው። ጆጉ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ወይኔ! ይሄ ይዘጋል እንዴ?»