ሱሱ ብቻ አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በተማሪዎች መካከል ለሚነሳው ድብድብ ጫትና ሺሻን ብቻ ተጠያቂ አድርጓል። አስተማሪ ነኝ፤ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። አምና አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በመቀመጫ ተጣልቶ ጓደኛውን እጁ ላይ በኮምፓስ ወጋው። ያን ቀን ምንም አልቀመሰም። እኛ ግን መጀመሪያ ኪሱን ነበር የፈተሽነው! ልጁ ድሮም ግልፍተኛ ነው፤ አንዴ ቱግ ካለ የሚመልሰው የለም። ጫቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ያውም ከ"ደፋሮቹ" ጋር ለመዋል ብሎ። የተወጋው ዝምተኛ ልጅም አሁን ከግቢው ጀርባ ካለችው ማጨሻ ቤት አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራና አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ግን ሲጋራውን በፍሬ ይሸጥላቸዋል፣ ዩኒፎርማቸውን እያየ።