ለጋሽ ሜናይ ድልድይ የቀረበ ማመልከቻ

ለክቡር ጋሽ ሜናይ ድልድይ
ሰሜን ዌልስ

ጉዳዩ፦ ለ200 ዓመት አገልግሎትዎ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ በዚያውም ሥራ እንድገባ ፈቃድዎን ስለ መጠየቅ

ጋሽ ሜናይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ለወግ ያህል ብቻ አይደለም የምጠይቀው። እርስዎ ከዋናው ምድር ጋር በሚያገናኙዋት በአንግልሲ ደሴት ላይ የሰው ጤንነት የሚጠየቀው ከእርስዎ በኋላ ነው። ባልና ሚስት ሲነሱ "እንዴት አደርክ" ከመባባላቸው በፊት "ድልድዩ እንዴት አደረ?" ይባባላሉ።

የምጽፍልዎት ከደሴቲቱ ነዋሪዎች አንዱ ነኝ። ወደ 69 ሺህ እንሆናለን። የብዙዎቻችን እንጀራ ያለው ግን ማዶ ነው፣ ባንጎር ከተማ። ትልቁ ሆስፒታልም ማዶ ነው። ወዲህ የቀረን በግ፣ ንፋስና የእርስዎን ደህንነት መከታተል ነው።

መቼም ሽማግሌ ሳይመሰገን አይወቀስምና ከምስጋናው ልጀምር። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ እርስዎ የኛን አያውቁም።) መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ ሠርቶዎት ጃንዋሪ 30 ቀን 1826 ሲከፈቱ፣ ከእርስዎ የሚረዝም ተንጠልጣይ ድልድይ ዓለም ላይ አልነበረም። ከምሰሶ ምሰሶ 176 ሜትር። ባለሸራ መርከቦች በስርዎ እንዲያልፉ ተብሎ ከውሃው 30 ሜትር ያህል ከፍ አደረጉዎት። ከዚያ በፊት ሰው በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ከብቱ ደግሞ በዋና። ገበሬው በሬዎቹን ለገበያ ሲነዳ ባሕሩ ውስጥ ይለቃቸዋል፣ የታደለው በሬ ማዶ ይወጣል። ሰልፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ውሃውን ሳይ እነዚያ በሬዎች ትዝ ይሉኛል። ቢያንስ ወረፋ አልጠበቁም።

ከለንደን እስከ ደሴታችን ሆሊሄድ ወደብ 36 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ እርስዎና አዲሱ መንገድ ወደ 27 አወረዳችሁት ይባላል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! ይኼን ዘጠኝ ሰዓት አሁን በየጠዋቱ ከእኛ ላይ ቀስ እያሉ እየሰበሰቡ ነው። ሒሳብ አዋቂ ነዎት።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኦክቶበር 21 ቀን 2022፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድንገት ተዘጉ። ጠዋት በእርስዎ የሄደ ሰው ማታ በወንድምዎ በብሪታኒያ ድልድይ ዞሮ ገባ። መንገዱን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች አያስተማምኑም ተባለ። መሐንዲሶቹን አልወቅስም፤ ድልድይ ከሚወድቅ ሰልፍ ቢረዝም ይሻላል። ግን ዓርብ ከሰዓት? ደግሞ ማስታወቂያውና መዘጋቱ እኩል?

ገናው አለፈ፣ አዲስ ዓመቱም አለፈ። በስምዎ የምትጠራው ከተማ፣ ሜናይ ብሪጅ፣ ገበያዋ ቀዘቀዘ። ባለሱቁ በር ላይ ቆሞ ባዶ መንገድ ያያል። ያን ሰሞን ለከተማዋ ምን ተደረገላት? የመኪና ማቆሚያው ነፃ ሆነ። መምጫውን ዘግቶ ማቆሚያውን በነፃ! ይህን ያሰበ ሰው ባገኘው ቡና አፈላለት ነበር፣ መሻገሪያ ካገኘ።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023 ተከፈቱ። እልል አልን። በ12ኛው ቀን፣ ልክ በፍቅረኞች ቀን፣ የዌልስ መንግሥት የመንገድ ዕቅዶቹን ገምግሞ ውጤቱን አወጣ፦ ሦስተኛ ድልድይ ለመሥራት የተያዘው ዕቅድ አይቀጥልም። ሐሳቡ መኪና እንዲቀንስ ነው። እሺ፣ አየሩም ያሳዝናል። ግን ደሴት ላይ መኪና የተወ ሰው በምን ይሻገራል? በበሬዎቹ መንገድ?

ከዚያ ዋናው ጥገና መጣ። 168ቱም ዘንጎች ተቀየሩ። "በቃ፣ ጋሽ ሜናይ ዳኑ" ብለን ተቃቀፍን። ኦክቶበር 4 ቀን 2025፣ አሁንም ኦክቶበር፣ አሁንም ድንገት፣ እንደገና ተዘጉ። አሁን ደግሞ ምንዎን ነው? ብሎን። ከመንገዱ ስር ያሉት ተሸካሚ ብረቶች ብሎኖች። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ሲከፈቱ ከ3 ቶን በላይ አላሳልፍም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊፍት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው ሆዱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። በ1938 አሮጌዎቹን ሰንሰለቶች በሙሉ አውጥተው በአረብ ብረት ሲተኩልዎ ሳይዘጉ ነው አሉ። ተሸክሞ የሚያቆምዎትን ሰንሰለት፣ ከላይዎ ሰው እያለፈ! ያኔ መኪናው ጥቂት ነበር፣ ይገባኛል። ቢሆንም በሰንሰለት ያልተዘጋ ድልድይ በብሎን ሲዘጋ ትንሽ አያሳፍርም?

ወንድምዎንም አይመኩበት። ብሪታኒያ በ1850 ለባቡር ተሠራ። በ1970 ልጆች ችቦ ይዘው ገብተው ሳያስቡት አቃጠሉት። ሲጠገን ከባቡሩ በላይ የመኪና መንገድ ተጨመረለት፣ በ1980 ተከፈተ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ለመሄጃ አንድ መስመር፣ ለመምጫም አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ከሆሊሄድ ወደብ ከአየርላንድ መርከብ የወረደው ከባድ መኪና ሁሉ እዚያ ነው የሚጠብበው። ደግሞ ንፋስ አይችልም። ንፋሱ ሲበረታ ቁመታም መኪና ይከለክላል፣ ሲብስበትም ጭራሽ ይዘጋል። ዌልስ ውስጥ፣ ያውም ባሕር ላይ ቆሞ፣ ንፋስ አልወድም ማለት ምን ይባላል?

የሰልፉን ኑሮ ደግሞ እርስዎ ከላይ ሆነው ስለሚያዩት በዝርዝር አያውቁትም። ላሳይዎት። ከፊቴ የገበሬ ፒክአፕ አለ። ከኋላው በግ ጠባቂ ውሻ ተቀምጦ ያየኛል። እሱ ያዛጋል፣ እኔም አዛጋለሁ። በጎኔ ያለችው ሴትዮ መስታወቷን አውርዳ ቅንድቧን ትኳላለች። ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ስትዞር ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ያን ቀን በአንድ ቅንድብ ሥራ ገብታለች። የሰልፉ ጅራት ላንቫይርፑል ሲደርስማ የባሰ ነው። የመንደሯ ሙሉ ስም 58 ፊደል ነው፣ ጎብኚ ከሰሌዳው ስር ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። እኛ ግን ቆመን ከዳር እስከ ዳር አንብበን እንጨርሰዋለን። አንድ ጎረቤቴ ወደኋላ ማንበብ ጀምሯል።

አልክድም፣ ውለታም አለብን። እዚህ ደሴት ላይ እንቅልፍ የጣለው፣ ቀጠሮ የረሳው፣ አማቱ ቤት መሄድ ያልፈለገ ሁሉ "ድልድዩ" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ማንም አይጠይቅም። ሐበሻ እንኳ ለእንደዚህ ያለ ነገር ሰበብ ጠፍቶበት አያውቅም፣ ግን በመንግሥት ማስታወቂያ የተደገፈ ሰበብ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ጋሽ ሜናይ፣ በትህትና የምለምንዎት ብዙ አይደለም። መታመምዎ ካልቀረ ከዋዜማው ይንገሩን። ኦክቶበርን ይዝለሉልን፣ ወሩ ምንም አላደረገዎትም። ከወንድምዎ ጋርም ተራ ይግቡ። እሱ ንፋስ በፈራ ቀን እርስዎ ደግሞ ብሎኔን አይበሉ። ሁለታችሁ አንድ ላይ የተኛችሁ ቀን ምጥ ይዟት ማዶ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት ዘመድ ልትጠይቅ አይደለም የምትሄደው።

ዘንድሮ ጃንዋሪ ላይ 200 ዓመት ሞላዎት። ልደትዎን ልናከብር ብንመጣ ክብደታችን ስንት ድረስ ይፈቀዳል? ኬኩም አብሮ ይመዘን ይሆን?

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከሰልፉ መሀል፣ ሞተር ያጠፋ ሰው

ግልባጭ፦
ለአቶ ብሪታኒያ ድልድይ (ንፋስ በሌለበት ቀን ተከፍቶ ይነበብ)
ለብሎኖች በሙሉ፣ ባሉበት (በኛ በኩል ምንም ቅያሜ የለም፤ ብቻ ባሉበት)