አስፋልቱ ቀድሞ ቧንቧው ሲከተል

መንገዱ ለእድሳት በተቆፈረ አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ፎርማን ናቸው። ሌላው መንገድ ዳር ቤት ያለው ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ አቧራውን ትንሽ እንታገሠው። ከበዓሉ በፊት አስፋልቱ ይልበስልን እንጂ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለ ጎልማሳው። ክርክሩ በሙሉ ይኸው ነበር። ሲጨመቅ የሚወጣው የቤቱ ዋጋ ነው።

ፎርማኑ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። «ከመንገዱ ሥር ያለው አሮጌ የውሃ ቧንቧ ሳይቀየር አስፋልት ከላዩ ቢነጠፍበት፣ ሮለሩ ሲነዝረው መገጣጠሚያው ይላላል። የሚያፈሰው ውሃ ቤዝ ኮርሱን፣ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን የጠጠር ንጣፍ፣ ያጥበዋል፤ አስፋልቱ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ያኔ አዲሱ አስፋልት በመጋዝ ይቆረጣል።»

«ቢቆረጥ መልሰው ይደፍኑታላ!»

ይህን የሚል ሰው ሲደፈን ቆሞ አላየም። አንድ ሜትር የጠለቀ ቦይ ውስጥ ገረጋንቲ (ለመሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) በሲኖትራክ ገልብጦ ከላይ ቢረግጡት፣ የሚጠብቀው ላዩ ብቻ ነው። በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ እርጥበቱ ተመጥኖ ውሃ እየተረጨ፣ እያንዳንዱ ንብርብር በእጅ ኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ ነው መሞላት ያለበት። አለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ቦዩ የሄደበት መስመር ይጎደጉዳል። ቦሌና አቃቂ አካባቢ እንዳለው ጥቁር አፈር ከሆነማ ይብሳል፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት።

ጎልማሳው ወደ በዓሉ ተመለሰ። ፎርማኑም ወደ ተረታቸው፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ የኔ ልጅ! አስፋልቱን እንዲይዝ ቤዝ ኮርሱ ላይ የሚረጨው ቀጭን ሬንጅ፣ ፕራይም ኮቱ ራሱ፣ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሳይደርቅ ቢነጠፍበት አስፋልቱ አይያዝም፣ መኪና ፍሬን ሲይዝበት ይንሸራተታል። የጋለው አስፋልት ደግሞ 140 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይነጠፍና ከ80 ሳይወርድ ተረግጦ ማለቅ አለበት። በዝናብ መካከል እናንጥፍ ካልክ ከሮለሩ በፊት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ ብትረግጠው ድንጋዩ ይሰበራል እንጂ አይጠብቅም።»

አንዲት እናት «እኛ ታዲያ ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁ። የክርክሩ ፍሬ ይህ ጥያቄ ነው፤ ጎልማሳው ለዚህ መልስ አልነበረውም። ፎርማኑ ነበራቸው። ሮለር ከመድረሱ በፊት የግድግዳችሁን ስንጥቅ ሁሉ ፎቶ አንሡ፤ ጭቃ ቤት አጠገብ ሲደርስ ንዝረቱን አጥፍቶ እንዲረግጥ ለሹፌሩ ንገሩት። የቤታችሁ የውሃ መስመር የሚያልፍበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ኤክስካቫተር ሳያየው ይበጥሰዋልና። ከሁሉ በላይ፣ የጠርዝ ድንጋይ ሳይተከል የመንገዱን ከፍታ ከደጃችሁ ጋር ለኩ። አሮጌው አስፋልት ሳይፋቅ አዲስ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደረብበት መንገዱ ከበራችሁ በላይ ሊሆንና ጎርፉ ግቢ ሊገባ ይችላል።

እኔ ከፎርማኑ ጋር ነኝ። ጎልማሳው ግን ብቻውን አይደለም፤ ዘመኑ የሱ ነው። የሚቆጠረው የለበሰ ኪሎ ሜትር እንጂ ከሥሩ የተቀየረ ቧንቧ አይደለም። ውሃው፣ መብራቱ፣ ስልኩ በየራሱ በጀትና በየራሱ ጊዜ ይቆፍራል፤ አንዱ የደፈነውን ሌላው ይከፍታል። ሕንፃው ተቀብቶ ይመረቃል፣ መጸዳጃው ውሃ የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልን ያደግን ሰዎች፣ «ገና ነው፣ አልደረሰም» የሚል ባለሙያ ሲገኝ ሥራ አጓታች ብለን እናሳፍረዋለን። አዎ ብሎ የሚፈርመው ይሾማል። ከምርቃቱ ቀን በፊት የቧንቧው የግፊት ፍተሻና የአፈሩ ጥብቀት ውጤት ለነዋሪው ይታይ ቢባል ማን ይከለክላል? በየሰፈሩ የሚጠየቀው ግን አሁንም አስፋልቱ መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው።