ተልዕኳችንን ማን ይጻፈው?

ክርክሩን ያስነሳችው አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንሰበሰብባት የወንጌል አማኞች አጥቢያ ሽማግሌዎች ከወራት በፊት ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ኮሚቴው የቤተ ክርስቲያኗን ተልዕኮ ጽፎ ጨረሰና ከአምልኮ በኋላ ለሁላችንም ታደለ። "አንብቡት፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እናጸድቀዋለን" ተባለ። ማታ አንድ ወዳጃችን ቤት ለእራት ስንገናኝ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። እኔ ደስ አለኝ፤ ሰው ግድ ይለዋል ማለት ነው።

ወረቀቱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ወንጌልን ለዓለም ሁሉ እናደርሳለን፣ አማኞችን እናንጻለን፣ ትውልድን እንታደጋለን፣ ማኅበረሰባችንን እናገለግላለን፣ አገራችንን በጸሎትና በልማት እንረዳለን።

መጀመሪያ የተናገረችው ነርሷ ናት። ሆስፒታል ሌሊት ትሠራለች፣ እሁድ ደግሞ ልጆች ታስተምራለች።

"እዚህ ላይ የማልስማማበት አንድም ነገር የለም" አለች። "የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ይህን ወረቀት አትላንታም ዳላስም ያለ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ስሙን ብቻ ቀይሮ ሊያጸድቀው ይችላል። እኔ አስተማሪ አጥቼ የአምስት ዓመቱንም የአሥር ዓመቱንም ልጅ አንድ ክፍል ነው የማስቀምጠው። ይሄ ከጸደቀ በኋላ እሱ ይቀየራል? የትኛውን ሥራ ትተን ነው የትኛውን የምንይዘው?"

አንድ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። በደርግ ጊዜ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ ከነበሩት ናቸው፣ ሁላችንም እናከብራቸዋለን።

"ልጄ፣ ተልዕኳችን ከተጻፈ እኮ ሁለት ሺህ ዓመት ሆነው" አሏት። "ማቴዎስ 28 አለልሽ። ሂዱ፣ ደቀ መዛሙርት አድርጉ። ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን አታስታውሺም? በ1974 ጥር ላይ መንግሥት ሕንፃውንም ትምህርት ቤቱንም ወሰደ፣ መሪዎቹን አሰረ። ያኔ አባላቱ ወደ 5,000 ነበሩ። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ወደ 34,000 ሆነው ተገኙ። ማን ወረቀት ጽፎላቸው ነው? ዝም ብለው ሠሩ። አሁን በዚህ መነታረክ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።"

"ጋሼ፣ እኔም እኮ ስለሱ ነው የማወራው" አለች ነርሷ። "ሕንፃ ሲያጡ በየቤቱ በትንንሹ እንሰብሰብ፣ ሴቶቹም ያስተምሩ፣ ማን የት ቤት ይሄዳል ብለው ቁጭ ብለው ተመካክረው ነው። ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። ምን እንደሚተዉና ምን እንደሚይዙ ያውቁ ነበር። እኛ ግን ሁሉንም ነው የያዝነው።"

እሳቸው ትንሽ አሰቡና "እሱስ እውነት ነው" አሉ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

የቤተ ክርስቲያኗን ገንዘብ የሚይዘው ወንድማችን ትዕግሥቱ አለቀ። "ስለ ተልዕኮ ስታወሩ ጣሪያ ረሳችሁ" አለ። እኛ የምናመልከው አሜሪካኖቹ የጠዋት አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ከሰዓት ተከራይተን ነው። ወንበር እንደረድራለን፣ የድምፅ ዕቃ እንዘረጋለን፣ አመሻሽ ላይ ጠቅልለን እንወጣለን። ለቅሶ ቢመጣ፣ ሰርግ ቢመጣ ፈቃድ ጠያቂዎች ነን። "ነገ ውጡ ቢሉን የት እንሄዳለን? ቅጥር አስተማሪስ በምን እናመጣለን? መጀመሪያ የሕንፃው ፈንድ ይሙላ፣ ሌላው በራሱ ይመጣል። ተልዕኮ አንድ ስጡኝ ካላችሁ እኔ የምሰጣችሁ እሱን ነው።"

ይህን ሰው ብዙዎች ገንዘብ ገንዘብ ይላል ብለው ያሙታል። አላግባብ ነው። ኪራዩን በየወሩ የሚያስበው እሱ ነው፣ የሚያስበውም ለእኛ ብሎ ነው።

ከዚያ ልጁ ተናገረ። ልጁ የምለው ለምጄ ነው እንጂ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይዟል። እዚሁ ነው ያደገው። አማርኛው ይገባል፣ ሲቆጣ ግን እንግሊዝኛ ይቀላቅላል።

"ወረቀቱ ትውልድን እንታደጋለን ይላል። ትውልዱ እኔ ነኝ። ኮሚቴው ውስጥ አንድ እኔን የሚያህል ሰው አለ?" ብሎ ዞሮ አየን። የለም። "ስብከት ሲጀመር ማዳመጫ ይሰጡኛል፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይተረጉምልኛል። አመሰግናለሁ። ግን ለዓመታት እንግዳ ነኝ ማለት ነው። አብረውኝ ሰንበት ትምህርት የተማሩት አብዛኞቹ ወይ አሜሪካኖች ጋ ሄደዋል ወይ የትም አይሄዱም። ሥራ ስጡን። ካልሆነ ደግሞ ፍቀዱልንና በእንግሊዝኛ የራሳችንን እንጀምር።"

ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ፣ ቋንቋው ከሄደ እኛ በእርጅና ማን ጋ እንጸልያለን?" አሉት።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እዚህ አገር የመጣ እናት አባት ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ውሎ በሳምንት አንዴ በራሱ ቋንቋ ማልቀስም መዘመርም ይፈልጋል፣ ያንን ውሰዱበት ማለት ጭካኔ ነው። ልጁም ይህ ገብቶታል፣ አልመለሰላቸውም።

ኡበር የሚነዳው ጓደኛችን እስከዚህ ድረስ እየበላ ነበር። "እኔ ስብሰባ ላይ አልገኝም" አለ። "ቅዳሜ ማታና እሁድ ነው ገንዘቡ። ጠቅላላ ጉባኤ የምትጠሩት ደግሞ ሁሌ ያኔ ነው። ስለዚህ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ያ አዲስ የመጣው ወንድም፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃዱን ሲጠብቅ የነበረው፣ ወራት እኔ ሶፋ ላይ ነው ያደረው። ምግቡን ሁለት እህቶች እየተፈራረቁ አመጡ። ቤተ ክርስቲያን ደውዬ ይሄ የማን ሥራ ነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ወደ አንዱ መራኝ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ሥራው የማን እንደሆነ ማንም ስለማያውቅ ነው።"

ገንዘብ ያዡ "ለሱማ የማኅበረሰብ ድርጅቶች አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ዋና ሥራዋ ነፍስ ነው" አለ።

እዚህ ላይ እራት የጋበዘን የቤቱ ባለቤት ተነሳ። ወለጋ ተወልዶ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነው። "ያንን ክርክርማ አባቶቻችን ጨርሰውታል" አለ። መካነ ኢየሱስ በፈረንጆች 1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችውን ደብዳቤ አነሳ። የውጭ ረጂዎቹ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ግን ይሰስታሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋውም ነፍሱም አንድ ሰው ነው፣ አገልግሎታችንም አንድ ነው አለቻቸው። ያኔ ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። "እነሱ የተጣሉት ለስብከት ገንዘብ በማጣት ነው፣ አንተ ደግሞ በተቃራኒው መጣህ። ልዩነቱ ይኸው ነው" አለው። ገንዘብ ያዡ ፈገግ አለ፣ ተቀበለው መሰለኝ።

ከሁሉም ያልጠበቅኩት የኦርቶዶክሱ ወዳጃችን ንግግር ነበር። ጎረቤት ነው፣ ለእራት ነው የተጠራው። "እኔ በቤታችሁ ልግባ?" አለ። "ግባ" አልነው።

"እኛ ጋ ሰበካ ጉባኤ አለ" አለ። "ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ነው የወጣው። ካህናቱም ምእመናኑም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ልብ በሉ፣ ወጣቱ በደንቡ ወንበር አለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967፣ መሬት ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበት ገቢ ሄደ። ቀድሞ ምእመኑ በየአጥቢያው ባይደራጅ ኖሮ ካህኑን ማን ይቀልበው ነበር? ወንበር መኖሩ ብቻ በቂ ነው አልልም። ወጣቱ ተቀምጦ የማይሰማበት ሰበካ ጉባኤም አይቻለሁ፣ እዚህ አሜሪካም ጭምር። ግን ወንበሩ ካለ ቢያንስ ተነስቶ መከራከር ይችላል። የእናንተ ልጅ ግን ወንበርም የለው።"

ጸጥ አልን። አቡነ ቴዎፍሎስም ጉዲና ቱምሳም በ1971 ነው በደርግ እጅ የተገደሉት። አንዳቸው ለኦርቶዶክሱ፣ አንዳቸው ለወንጌላዊው ምእመኑ ራሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲሸከም ብለው የደከሙ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ሁለት ስሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሲነሱ መስማት ልቤን ነካው።

ክርክሩ እኩለ ሌሊት ድረስ ሄደ፣ ሳይቋጭም ተለያየን። አሁን የኔን ልበል።

ሽማግሌውን የምቃወማቸው በአክብሮት ነው። ማቴዎስ 28 ተልዕኮአችን ነው፣ አዎ። ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ይዟል። ኢየሩሳሌም ያለችው ጉባኤ ታላቁን ትእዛዝ ከጌታ አፍ የሰሙ ሰዎች ነበሩባት፣ ሆኖም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተዘነጉ። ማጉረምረም ተነሳ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ዝም በሉ፣ ተልዕኮው ተጽፏል አላሉም። ሕዝቡን ሁሉ ጠሩ። እኛ በጸሎትና በቃሉ እንተጋለን፣ ለዚህኛው ሥራ ሰባት ሰው እናንተ ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ኒቆላዎስ፣ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ያለው ወገን ሥራውን ተረከበ። ከነሱ አንዱ ፊልጶስ ነው በጋዛ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው። ማዕድ እንዲያስተናግድ የተሾመ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ወረቀቱ በዚህ መልኩ ይጽደቅ አልልም። ኮሚቴው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ብዙ ለፍተዋል። የተጻፈው ግን ምእመኑ ሳይጠየቅ ነው። ሰባት ስምንት ጥሩ ሰዎች ክፍል ዘግተው የጻፉትን እኛ እጅ አውጥተን ብናጸድቀው፣ ከዚያ በኋላ ኡበር የሚነዳው ወንድማችን የሚደውልበት ቁጥር አያገኝም፣ ነርሷም አስተማሪ አታገኝም። ሰው ያልተማከረበትን ሸክም አይሸከምም።

ለገንዘብ ያዡ የምለው ደግሞ ይህን ነው። ሕንፃ ያስፈልገናል፣ እኔም እሰጣለሁ። ግን ለማን እንደምንገዛው ካልተነጋገርን ምን ዓይነት ሕንፃ እንደምንገዛም አናውቅም። ዋናው ሥራችን ልጆቹ ከሆኑ ክፍል የበዛበት ነው የሚያስፈልገን፣ አዲስ መጪው ከሆነ አውቶቡስና ሜትሮ የሚደርስበት ነው፣ መኪና የለውማ። ስለራቀ ዋጋው የረከሰ ሰፊ አዳራሽ ከከተማ ውጭ ገዝተን ያንን ወንድም ብናጣው ምን ተጠቀምን?

ልጁ የራሳችንን እንጀምር ያለው ላይ አልስማማም፣ ቢያንስ አሁን። አሁን ቢወጡ የሚወጡት ተገፍተው ነው፣ ተገፍቶ የሄደ ደግሞ ቂም ይዞ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ እዚሁ ድምፅ ያለው ወንበር ይሰጣቸው፣ በጀት የሚወስኑበት፤ ሻይ የሚያድሉበትን ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የሚመራ አምልኮ ይሁን ቢሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው ይወስኑታል፣ እኛም ከኋላቸው ቆመን እንጸልያለን። ለሽማግሌውና ለእናቶች አባቶች የአማርኛው ጸሎት አይነካም፤ እሱን በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍላቸው፣ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው።

እንዴት ይጠየቅ ለሚለው፣ መልሱ እዚሁ አለን። በየሰፈሩ የቤት ኅብረት አለ። በየቤቱ በአንድ ምሽት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ባለፈው ዓመት ማንን ረሳን፣ የትኛውን ሥራ ብንተወው ማንም አይጎዳም፣ አንተስ ምን ትሸከማለህ። ለቀው የሄዱትም ይደወልላቸው፣ ከነሱ የምንሰማው ሊያመን ይችላል ግን እንስማው። መልሱ ሲሰበሰብ ኮሚቴው እንደገና ይጻፍ፣ ከአሁኑ አጠር ይበል፣ አጠገቡም የዓመቱ በጀት ይቀመጥ። ልጆች ቀዳሚያችን ናቸው ካልን በጀቱ ላይ ልጆቹ ይታዩ።

ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። እሁድ የሚሠሩትንና የሌሊት ፈረቃ ያሉትን እየዞርኩ የመጠየቁን ሥራ እኔ እወስዳለሁ ብያለሁ፣ ልጁም አብሬህ እሄዳለሁ ብሎኛል።