ማስተካከያ፦ «ቴርሞስታቱን አውጡት» ያልኩት ስህተት ነው

ባለፈው ሳምንት የአሰላ ዳገት ላይ ስለሚያፈላው አሮጌ ሃይሉክሴ ስጽፍ «ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት፣ ይበርዳል» ብዬ ነበር (ቴርሞስታት በሙቀት እየተከፈተና እየተዘጋ የሞተሩን ውሃ የሚመራ ቫልቭ ነው)። ትክክል አይደለም።

የፋብሪካው የጥገና መመሪያ ተቃራኒውን ይላል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ወደሚበርድበት ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ደግሞ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ እዚያው ይዞራል። ዳገት ላይ ሙቀቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

እኔን ሰምታችሁ ያወጣችሁ፣ በልኩ መልሳችሁ ግጠሙ። የቀድሞው ካልተጣለ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ድስት ውስጥ ውሃ እያሞቃችሁ ፈትሹት። 82 የተጻፈበት እዚያው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። አዳማ ላይ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላና ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ፣ እስከ ጥግ ባይከፈት ቶሎ አትፍረዱበት።

የኔ መኪና? ጥፋተኛው የራዲያተሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ አልቆ ግፊት አይዝም ነበር፤ ግፊት ከሌለ ደግሞ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ያን ሁሉ ስፈታ ስገጥም፣ ክዳኑን ያየው ሰው አልነበረም።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።