ቱቦው ይነቀል ወይስ ይጠረግ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ አንዲት እናት ስድስት ዓመት ያገለገላቸውን የማድ ቤት ጭስ ማውጫ ባለፈው ጥር አስነቅለው ጥግ ላይ አስደገፉት። ወሬው እዚያው ከተማ የላሜራ ቱቦ እየሠራ የሚገጥም አንድ ባለሙያ ጆሮ ደረሰ፤ አላስቻለውም። ሁለቱን በጽሑፍ አሟገትናቸው። ጥያቄው፣ በእንጨት ለሚጋገርበት ቤት ጭስ ማውጫ ያዋጣል ወይ የሚል ነው። የሴትየዋን ቱቦ የገጠመው ሌላ ሰው መሆኑን ከወዲሁ እንናገር፣ የግል ጠብ እንዳይመስል። በዕድሜ የሚበልጡት ይጀምሩ።

ጋጋሪዋ፦

እኔ ጭስ ወዳድ አይደለሁም። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ምጣድ ፊት ነኝ፤ አሁን 63 ሞላኝ። ዓይኔን ምን እንደጨረሰው ሐኪም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ስለዚህ ቱቦው ሲመጣልኝ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልኩት። «ምርጥ» ከሚባለው የእንጀራ ምድጃዬ ኋላ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። የመጀመሪያው ዓመት እውነትም ማድ ቤቴ ቤት ሆነ፤ ጎረቤት ገብታ ቡና ትጠጣበት ጀመር።

ከዚያ ጣጣው መጣ። በሁለተኛው ክረምት ቆርቆሮው በተበሳበት በኩል ዝናብ ገባ። ቀጥሎ ከቱቦው መገጣጠሚያ ጥቁር ነገር ይንጠባጠብ ጀመር፤ ሽታው የዝፍት ነው፤ እንጀራ ላይ ጠብ ካለ ያን እንጀራ ውሻም አይቀምሰው። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ጭሱ መውጣቱን ተወና በምድጃው አፍ ወደ እኔ ይመለስ ያዘ። ከምድጃው ኋላ ወጥ የምጥድበት ቦታ ነበረኝ፤ እሱንም ቱቦው ወስዶብኛል። እንጀራው እስኪያልቅ ሽሮዬ በዚያው እሳት የምትበስልበት ነበር።

ያስነቀለኝ ግን የጥር ሌሊት ነው። ለቅዳሜ ገበያ ስጋግር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቱቦው ጮኸ። ደረቅ ጭድ ላይ እሳት ሲለቀቅ እንደሚጮኸው ዓይነት። ቀና ስል ከጣሪያው ሥር ክንድ የሚያህለው ቦታ ፍም መስሏል። እንጨቱን ጎትቼ አወጣሁ፤ የምድጃውን አፍ በረጠበ ጆንያ ከደንኩ፤ ተመስገን፣ ጠፋ። ወራጁ ግን እስከ ዛሬ ጠቁሮ ይታያል።

አሁን ከግድግዳው አናት ሁለት ጣውላ አንስቼ ክፍት ትቼዋለሁ፤ ጭሱ በዚያ ይሄዳል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ?

ቱቦ ገጣሚው፦

እትዬ፣ ያዩትን ሁሉ አምኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ በስድስቱ ዓመት ውስጥ ቱቦው ስንቴ ተጠረገ? አንድም ቀን እንዳልተጠረገ እገምታለሁ።

ያ ጥቁር ነገር የመጣው ከእንጨቱ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማፍላት አለበት፤ እስከዚያ የሚወጣው ጭስ ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ማለት ነው። ከቆርቆሮው በላይ ያለውን ቱቦ ደግሞ የኛ አገር ብርድ ይጠብቀዋል። ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ነው፤ በውርጭ ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ በረዶ ይይዛል። ጭሱ ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ እንደ ድስት ክዳን ላብ ያልበውና እዚያው ይረጋል። ስስ ሲሆን ጥቀርሻ ነው፤ ሲወፍር ዝፍት ይሆናል፤ ዝፍት ደግሞ ይነዳል። እርስዎ የሰሙት ጩኸት እሱ ነው። አፉን መክደንዎ ትክክል ነበር፤ በቱቦው ውሃ ቢለቁበት ኖሮ እንፋሎቱ ይጠብስዎት ነበር።

እኔ ሰው ቤት ስገባ አስቀድሜ ቱቦውን በጣቴ አንጓ አንኳኳለሁ። ንጹሕ ከሆነ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። የታመቀ ከሆነ ዱባ የመታሁ ያህል ነው፣ ድፍን። ከታች ወደ ላይ እያንኳኳሁ ስሄድ የት ጋ እንደታነቀ ይገባኛል፤ ብዙ ጊዜ መታጠፊያው ላይ ወይም ከላይ ኮፍያው ሥር ነው። ከዚያ ምድጃው በደንብ በቀዘቀዘበት ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ ድንጋይ በጆንያ ጠቅልዬ በገመድ አስሬ ወደ ውስጥ እለቅና ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ። የሽቦ መፈግፈጊያ ካለ ይበልጣል። እንደ እርስዎ በየሳምንቱ ብዙ ለሚጋግር በሁለት ወር አንዴ፣ እንጨቱ በሚረጥብበት ክረምት በየወሩ እላለሁ።

የገጠመልዎት ሰውም ከወቀሳ አይድንም። እንዲህ ያለ ነጠላ ላሜራ ከጣሪያው እንጨት ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ ነበረበት፤ የእርስዎ ወራጅ የጠቆረው ለዚህ ነው። ጫፉም ከጣሪያው አናት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ካላለፈ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ይደፍቀዋል።

ጣውላ አንስቻለሁ ላሉት፣ ጭሱ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን በእርስዎ ፊት አልፎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። የእነዚህ ሰዎች ቤት ጭስ የሚወጣበት ክፍት አልነበረውም ይመስልዎታል?

ጋጋሪዋ፦

ተጠረገ ወይ ትለኛለህ። ማን ይጥረገው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቆርቆሮ ላይ ልውጣ? ሰውየው ሲገጥምልኝ «እናቴ፣ ለልጅ ልጅ ይደርሳል» ብሎ ነው ገንዘቤን ተቀብሎ የሄደው፤ ስለ መጥረግ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንተም ዛሬ ነው የነገርከኝ።

ደረቅ እንጨትስ ከየት ይምጣ? እንጨት የምትሸጥልኝ ሴት ትናንት ያስቆረጠችውን ነው ዛሬ በአህያ የምታመጣው። ፍልጡን ምድጃው ውስጥ ስከተው በወዲያኛው ጫፍ አረፋ ይደፍቃል፣ ሲስስስ ይላል። አያለሁ፤ ግን ምን ላድርግ? ገንዘቤ በየቀኑ ይገባል፣ እንጨቱም በየቀኑ ይገዛል። ስድስት ወር የሚደርቅ እንጨት መደርደር የሚችል ሰው ስድስት ወር የሚቀመጥ ብር ያለው ነው። ኩበቱንም እንደዚያው፤ በጋ ሲሆን እንጂ ክረምት ላይ ማን ደረቅ ኩበት ይሸጥልሃል? የኤሌክትሪክ ምጣድም አለኝ፣ እንዳትጠይቀኝ፤ መብራት ሲሄድ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ላይ አክንባሎ ደፍቼ ቁጭ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያለችው የልጅ ልጄ ያነበበችልኝን ልንገርህ። ሕንድ አገር፣ ያኔ ኦሪሳ ይባል በነበረ ክፍል፣ ባለ ጭስ ማውጫ ምድጃ ለገጠር ቤቶች ተሠራላቸው። አጥኚዎች እስከ አራት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎቹ የሚምጉት ጭስ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ለምን ብትል፣ የሚጠቀምበትም የሚጠግነውም እያነሰ ሄደ። ሳቅሁ፤ የራሴን ማድ ቤት ታሪክ ነው ያነበበችልኝ።

ቱቦ ገጣሚው፦

የገንዘቡን ነገር አልመልስም፤ ልክ ነዎት። ትንሽ የሚረዳው፣ ፍልጡ ሲቀጥን ቶሎ ይደርቃልና የነገውን ከዛሬው አሰንጥቀው ከምድጃው ጎን፣ ከአፉ ግን ራቅ አድርገው ያቁሙት። ሁለት ሳምንት ቀድሞ መግዛት እንኳ ከምንም ይሻላል። አረፋ የሚደፍቀው እንጨት ግን ለቱቦ ብቻ ሳይሆን ለኪስዎም አይጠቅምም፤ ከሙቀቱ ከፊሉን ውሃ እየጠጣው ነው።

የሕንዱን አውቀዋለሁ። የጓቲማላውንስ አንብባልዎታለች? እዚያም ደጋ ላይ፣ በእንጨት በሚያበስሉ ቤቶች፣ ግማሾቹ ባለ ጭስ ማውጫ ምድጃ ተሰጣቸው፤ በየሳምንቱ እየዞረ የሚያይም ሰው ነበር። ሕፃናቱ የሚምጉት ጭስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የሳንባ ምች በጠቅላላው በግልጽ ቀነሰ ለማለት አልተቻለም፤ ከባዱ የሳንባ ምች ግን ቀንሷል። ምድጃው ቢለያይም፣ እኔ የማየው ልዩነት የሚዞረው ሰው ነው።

ቱቦ እንጨት ይበላል ያሉኝ ሰዎችም አሉ። ቱቦው ላይ የምትዘዋወር ላሜራ ስለምናስገባ እሳቱ ሲይዝ ከፊል ይዘጉና ሙቀቱ ይቆያል። ፍም እያለ ጨርሶ መዝጋት ግን አደገኛ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ከሰል ይዞ መኝታ ቤት ገብቶ ያልነቃ ሰው የማያውቅ ቤተሰብ በከተማችን ጥቂት ነው።

መፍትሔዬ ይህ ነው። ቱቦው ቆርቆሮውን አይንካ። በግድግዳው ወጥቶ ውጭ ይነሳ፤ በታጠፈበት ቦታ፣ ወገብ ላይ፣ ክዳን ይኑረው። ክዳኑን ከፍተው መሬት ላይ ቆመው ከታች ወደ ላይ ይፈገፍጉታል፤ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጠው። ዝናብም አይገባ፣ ጣሪያም አይወጡ።

ጋጋሪዋ፦

ጥሩ ነው። ግን አንተው አይደለህም ወይ ቱቦ ሲበርደው ዝፍት ይይዛል ያልከኝ? ውጭ ሙሉ በሙሉ የቆመ ቱቦ እንዴት ይሆናል?

ቱቦ ገጣሚው፦

ይብሳል። አልዋሽዎትም። በሁለት ወር ያልኩትን በሦስት ሳምንት ያድርጉት። ሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ጋጋሪዋ፦

ሩብ ሰዓቱን ልስጥህ። ጎረቤቴስ? ግድግዳዬና አጥሯ መካከል ሁለት እርምጃ ነው፤ ልብሷንም የምታሰጣው እዚያ ነው። የእኔን ጭስ ከእኔ ዓይን አውጥተህ በእሷ ነጠላ ላይ ልትደፋው ነው?

አንድ ነገር ላልደብቅህ። የመጀመሪያ ጽሑፍህን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ያንን አሮጌ ቱቦ አንኳኳሁት። ከላይ እስከ ታች ዱባ ነው።

የጎረቤቴን ነገር ግን አልመለስክልኝም።