ለሰገራ ምርመራ ይህን ያህል?

ዛሬ የእንሽላሊቴ የሰገራ ምርመራ «ምንም አልተገኘበትም» ከተባለ በኋላ፣ ጥገኛ ተሕዋስያኑ ሁልጊዜ ከሰገራ ጋር ስለማይወጡ ምርመራው በሌላ ናሙና ይደገም፣ ክፍያውም እንደ አዲስ ይከፈል ተባልኩ። በቃኝ!

ምርመራው እኮ ሰገራውን በጨው ወይም በስኳር ውኃ በጥብጦ፣ የሚንሳፈፉትን እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። ለውሻና ለድመትም የሚሠራው ይኸው ነው። ታዲያ ተሳቢ እንስሳ ሲሆን ዋጋው ለምን ይሰቀላል? መታያው ሌላ፣ ላቦራቶሪው ሌላ፣ ድጋሚው ደግሞ ሌላ! ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሲጠረጠር የሚታዘዘው፣ የተሕዋሱን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ውድ መሆኑ ይገባኛል፤ መሣሪያውና ኬሚካሉ ዋጋ አላቸው። ተራው ምርመራ ግን በምን ምክንያት?

ዋጋው ያስፈራው አሳዳጊ ምርመራውን ትቶ መድኃኒት በግምት ይሰጣል። ፌንቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት ትልን እንጂ ኮክሲዲያ የተባሉትን ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን እንደማያጠፋ ማን ይነግረዋል? እንሽላሊት ሕመሙን ይደብቃል፤ መክሳቱ በግልጽ ሲታይ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ይህ ምርመራ ጥገኛ ተሕዋስያኑን በጊዜ ሊያሳየን የሚችል ሆኖ ሳለ፣ አቅም የሌለው እንዳይደርስበት ማድረግ ግፍ ነው። ሐኪሙ ራሱ «አንዱ አይበቃም» ካለ፣ ድጋሚው በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ ይካተት!